ብረቱስ ባልከፋ

ከወዳደቀ ብረት የመኪና ዕቃ እቤቱ የሚሠራ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ስም አለው። መኪናው አልነሳ ያለው ጎረቤት ሲፈልገው "ኢንጂነር" ነው፤ እሑድ ጠዋት ፍሌክሲብሉን ሲያስነሳ ደግሞ "ይኼ ሥራ ፈት" ነው። ሁለቱም ስም ከአንድ አፍ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ስሙን ለምደነዋል። ያንገፈገፈን ሌላው ነው።

ወደዚህ ሥራ ደስ ብሎት የገባ ብዙ ሰው ያለ አይምሰላችሁ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ግቢያችንን አይቶ "አሪፍ ሆቢ ነው" ይለናል። ምን ሆቢ አለው! በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነበት። በ2016 ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከነጭራሹ አይገባም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ መቶን አለፈ። እንግዲህ ዕድሜው ከልጆቹ የሚበልጥ ኮሮላ ዲኤክስ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ዲኤክሱን ይዞ ይሰነብታል እንጂ። ዲኤክሱ ደግሞ በየወሩ አንድ ነገር ይጥላል። ዛሬ የማርሚታ ማቀፊያ፣ ነገ የባትሪ ማስቀመጫ፣ ከነገ ወዲያ የኮፈን ማጠፊያ።

ሶማሌ ተራ ሂድና ግዛ የሚል ይኖራል። ሄደናል። የምትጠይቁት ዕቃ ትንሽ ከሆነች ሻጩ ይስቅባችኋል፤ ትልቅ ከሆነች እናንተ ታለቅሳላችሁ። "ኦሪጅናል ነው?" ትላላችሁ። "ኦሪጅናል ነው።" "የየት አገር?" "የፈለግከው አገር።" ዋጋውን ሰምታችሁ ዞር ስትሉ ከኋላ ይጠራችኋል፤ ተመልሳችሁ ስትሄዱ ደግሞ ያቺ ዕቃ አሁኑኑ ተሸጠች፣ ያለችው የሌላ ሞዴል ናት፣ "ትንሽ ቢሞርዷት ትገባለች።" እንግዲህ ለመሞረድ ከሆነ እቤቴም ሞረድ አለኝ ብሎ የወጣ ሰው ነው ዛሬ ግቢው በብረት የሞላው።

ቁርጥራጭ ብረት ርካሽ ነው የሚለውን ወሬ ያስወራውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ፋብሪካዎቹ አቅልጠው ፌሮ ስለሚያወጡበት እያንዳንዷ ኪሎ ፈላጊ አላት፤ ሻጩም ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል። ምን አለሽ ተራ ገብታችሁ ላሜራ ስታገላብጡ ሻጩ መጀመሪያ የሚመዝነው ብረቱን አይደለም፤ ጫማችሁን ነው። ቀጥሎ "ለምን ፈልገኸው ነው?" ይላል። "ለመኪና" ካላችሁ አለቀላችሁ። "ለዶሮ ቤት" በሉ። የዶሮ ቤት የሚሠራ ሰው ያሳዝናል።

የካርተር መከላከያን እንውሰድ። በየሰፈሩ ነዋሪው በገዛ ሥልጣኑ ያሠራውን የፍጥነት ማብረጃ ጉብታ፣ የተነቀለውን ኮብልስቶን፣ ክዳኑ የጠፋውን የፍሳሽ ጉድጓድ የሚያውቅ ሰው ያለ ካርተር መከላከያ አይነዳም። ለዲኤክስ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት፣ 60 በ70 ሴንቲሜትር የሆነች ላሜራ ትበቃለች፤ 10 ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው። ሻጩ ግን የበርሜል ቆርቆሮ ካልወሰድክ ብሎ ይሟገታችኋል። የበርሜል ቆርቆሮ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ናት። ለከሰል ምድጃ፣ ለቆሎ መቁያ እሰየው፤ ድንጋይ ሲመታት ግን ካርተሩን መከላከሏ ቀርቶ ተጣጥፋ ትታቀፈዋለች። ይህን ስታስረዱት "ለዶሮ ቤት አላልክም እንዴ?" ይላል። እዚህ ላይ መልስ የለም።

ላሜራ ካጣችሁ ደግሞ ሁለተኛው ምክር ይከተላል፤ ባሌስትራ። ባሌስትራ የማይመክር ሰው በዚህ አገር አልተፈጠረም። ለቢላ ባሌስትራ፣ ለመጥረቢያ ባሌስትራ፣ ለሞተር ማቀፊያ ባሌስትራ። ብረቱ ጠንካራ መሆኑን ማን ካደ? ችግሩ ጥንካሬው ላይ ነው። ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ በይዳችሁ አየር ላይ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ብየዳው ራሱ አይለቅም። አጠገቡ ነው ጧ የሚለው፤ እሱም እዚያው ግቢ ውስጥ ቢሆን ምንም አልነበረም፣ ቃሊቲ መንገድ ላይ ነው እንጂ። ቀድሞ ማሞቅ፣ ከተበየደም በኋላ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ያስፈልጋል ብላችሁ ስትናገሩ መካሪው "አጎቴ እኮ ሲኖትራክ በባሌስትራ በይዶ ስንት ዓመት ነዳ" ይላችኋል። ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ አጎት አለው።

ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ያመጣ ወዳጅ ደግሞ አለ። ንጹሕ ነው፣ ዝገት የለበትም፣ ቀጥ ያለ ነው። እውነት ነው። ሽፋኑ ዚንክ ስለሆነ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ያንን ጭስ የሳበ ሰው ማታ ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ወተት። የሚበይድ ሰው ወተት ይጠጣ። ወተቱ ወደ ሆድ፣ ጭሱ ወደ ሳንባ እንደሚሄድ ብትናገሩ ማን ይሰማችኋል። ዚንኩን ቀድሞ ሞርዶ ማንሳትና በነፋስ በኩል መቆም እያለ አንድ ሊትር ወተት ተገዝቶ ይመጣላችኋል፤ እሱንም ልጆቹ ይጠጡታል።

ብረቱ ተገኘ እንበል። አሁን ብረቱን ከገዛ ቤታችሁ መጠበቅ ይጀመራል። ሚስቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ቤት የሚያግዙን ልጆች ዘንድ ብረት ሁለት ዓይነት ነው፤ ድስትና ቆሻሻ። ለወራት ስታፈላልጓት የነበረች፣ ጥግ ላይ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችኋት ወፍራም ላሜራ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለሱ የለችም። "የቱ? ያ የዛገው?" ትባላላችሁ። ቆራሌው አልፎ ነበር። ወይም ልዋጩ አልፎ ነበር። በምትኩ አንዲት ሰማያዊ ሳፋ ግቢው መሃል ቁጭ ብላለች። ሳፋዋ ቆንጆ ናት፣ አልክድም። በማግስቱ ምን አለሽ ተራ ስትሄዱ ያቺኑ ላሜራ፣ በኖራ የጻፋችሁባት ልክ ሳይጠፋ፣ ተራ ይዛ ልታገኟት ትችላላችሁ። ሻጩ በኪሎ ይመዝንላችኋል። ባለንብረቱ እኔ ነኝ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፤ በሳፋ የሄደ ንብረት አይመለስም።

መብራቱስ? መብራት ሙሉ ቀን ኖሮ ኖሮ ልክ ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሲነካ ይሄዳል። ተበይዶ ያላለቀ ነገር ደግሞ ተሰቅሎ አይጠብቃችሁም፤ በአንድ ነጥብ የተያዘው ማቀፊያ በገዛ ክብደቱ ተጣሞ መሬት ላይ ነው። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ደካማ ሆኖ ነው የሚመጣው። 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ በወጉ እንዲቀልጥ ከ70 እስከ 90 አምፔር ይፈልጋል፤ ኃይሉ ሲያንስ ይጣበቃል፣ ስታላቅቁት ልባሱ ይራገፋል፣ አዲስ ኤሌክትሮድ ታወጣላችሁ፣ እሱም እርጥበት ይዞት ይፈነጣጠቃል።

ጥፋተኛው ደግሞ ሁልጊዜ እናንተ ናችሁ። ከላይ ቤት ያሉት እማማ "ልጄ፣ ቴሌቪዥኔ ብልጭ ድርግም አለብኝ፤ ተው በዚህ ማሽንህ ሰፈሩን አታቃጥለው" ይላሉ። እሺ እማማ። እማማ ይህን የሚሉት ምጣዳቸውን ሰክተው፣ ሊጥ እያማሰሉ ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። በዚህች በእጅ በምትንጠለጠል የብየዳ ማሽን 2.5 ኤሌክትሮድ ስበይድ ከዚያ ያነሰ ነው የምወስደው። ግን በየትኛው አፍ? እንጀራ የሚጋግሩ እናትን ምጣድዎን ያጥፉ የሚል አልተወለደም፤ ቢወለድም ምሳ አይሰጠውም። ስለዚህ ማሽኑ ይጠፋል፣ እማማ ጋግረው ይጨርሳሉ፣ ትኩስ እንጀራ በልጅ ይልካሉ፣ በልታችሁ ስትነሱ መብራት ይሄዳል።

ስለ ቡሎን ዝም ብል ደስ ባለኝ። የ8 ሚሊሜትር ቡሎን ጭንቅላቱ ለጃፓን መኪና በ12 ቁልፍ፣ ለአውሮፓው በ13 ቁልፍ ይፈታል። ይህ የታወቀ ነው፤ ቁልፍ መቀየር ነው። የሚያናድደው የ10ሩ ነው። ቶዮታ የሚጠቀመው ባለ 10 ሚሊሜትር ቡሎን ጥርሱ 1.25 ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚሸጥላችሁ ደግሞ 1.5። በዓይን አይለይም። በእጅ ሁለት ዙር ያህል እሺ ብሎ ይገባና ቆም ይላል። እዚያ ላይ ያልታደለ ሰው ዝገት መስሎት ቁልፉ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ ይጫነዋል። ወይ የሞተሩ ጥርስ ይበላል፣ ወይ ቡሎኑ ተቆርጦ ውስጥ ይቀራል። ባለ ሱቁን "1.25 አለህ?" ብትሉት "ብር ነው?" ይላችኋል።

የተቆረጠውን ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጉቶው ላይ ዳዶ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ መበየድ፣ ሙቀቱ ዝገቱን እስኪያላቅቀው መታገስ፣ ትንሽ ሲበርድ በቁልፍ ወዲያና ወዲህ ማለት። ሲሳካ እንደሱ ደስ የሚል ነገር የለም፤ ጭው የምትል ድምፅ አለቻት፣ ያኔ ትንፋሻችሁ ይወጣል። በዚያች ደቂቃ ነው እንግዲህ አንድ ሰው አጥር ላይ ተደግፎ "ኧረ በትራፓኖ ብትበሳው ይቀልህ ነበር" የሚለው።

ይህ ሰው ማን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። መኪና የለውም። ብየዳ ይዞ አያውቅም። ነገር ግን በስልኩ አንድ ፈረንጅ ከድሮ ብረት ሙሉ ፓራውልት በአሥር ደቂቃ ሲሠራ አይቷል። ፈረንጁ የሚቆርጥበት ፕላዝማ፣ የሚበይድበት ጋዝ፣ የሚያጥፍበት ፕሬስ፣ ከላዩ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ እንዳለው አላስተዋለም። "እሱ እንዴት አደረገው ታዲያ?" ይላል። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅም ያው ነው። በቪዲዮ ደውሎ፣ ማስኬን ገልጬ ላቤን ስጠርግ እያየ "እዚህ እኮ አዝዘህ በሁለት ቀን በርህ ላይ ነው" ይለኛል። እንግዲያው ስትመጣ ይዘህልኝ ና ስለው ሻንጣው 23 ኪሎ ነው፣ ሞልቷል። በምን? በልብስና በቫይታሚን።

ቶርኖ ቤት ያልሄደ ሰው ትዕግሥት አለኝ አይበል። እቤት ውስጥ የማይሠራ አንድ ነገር አለ፤ ክብ ነገር። ቦኮላ፣ ፒን፣ ማንኛውም ሌላ ነገር ውስጥ ልክክ ብሎ መግባት ያለበት። ለዚያ ቶርኖ ቤት ይኬዳል። ልኩን በካሊበር ለክታችሁ፣ በወረቀት ሥላችሁ፣ "20 ሚሊሜትር፣ እንዳይላላ" ብላችሁ ትሰጣላችሁ። ወረቀቷ ዘይት የነካው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ ሻይ ይቀመጥባታል። "ነገ ና።" ነገ ስትሄዱ "ነገ አላልኩህም?" በስተመጨረሻ የምትሰጣችሁ ቦኮላ ታበራለች፣ ፊት ታሳያለች፣ ትመዝናለች፤ ፒኑ ላይ ስትገባ ግን ቅልጭልጭ ትላለች። ግማሽ ሚሊሜትር ሰፍታለች። "ትንሽ ብትላላ ምን አለበት? ግሪስ ሙላበት" ይላል ባለሙያው። የሰውየው እጅ የሚደነቅ ነው። ከተሰበረ ጥርስ ላይ ሙሉ ማርሽ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። መለኪያውን ከመሳቢያ ለማውጣት ግን ሞት ነው የሚመስለው።

ልጆቹ የባሱ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ማማረር ግን ያስነውራል። ብየዳ ሲጀመር የሰፈሩ ልጅ በሙሉ አጥሩ ላይ ተደርድሯል። "አትዩ! ዓይናችሁ ይጠፋል!" ማለት ለልጅ ግብዣ ነው። ፊታችሁን ማስክ ውስጥ ከታችሁ ማን እንደሚያይ ማን ያውቃል? ማታ የአንዱ ዓይን አሸዋ እንደገባበት ሆኖ ሲያነባ እናቱ በራችሁ ላይ ናት። አሮጌ ቆርቆሮ ከፊት አቁሜ፣ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምበይደው። እነሱ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ያለችውን የምስማር ቀዳዳ አግኝተው በየተራ ያያሉ። ራሳችን ዘንድም እኮ ያው ነው፤ በፀሐይ መነጽር የሚበይድ ጎልማሳ ያልታየበት ሰፈር የለም። የፀሐይ መነጽር ለመንገድ ነው። ለዚህ ሥራ ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ የብየዳ መስተዋት ያስፈልጋል፤ ከአንድ ኤሌክትሮድ ፓኬት በላይ ብዙ አያስወጣም።

ደግሞ ቦሎ አለ። ዓመት ጠብቃችሁ ለምርመራ ስትገቡ፣ መርማሪው መኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ ያንን የደከማችሁበትን ማቀፊያ በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል። "ይኼ ከፋብሪካው የመጣ ነው?" አይደለም። "ለምን ቀየርከው?" ስለተሰበረ። "ለምን ኦሪጅናሉን አልገዛህም?" እዚህ ላይ ስለ ኤክሳይዝና ስለ ዶላር ብታወሩ ከኋላችሁ ያለው ሰልፍ ጥሩምባ ይነፋል። ከአጠገባችሁ ደግሞ ጭሱ ሰማይ የሚያጠቁር ሚኒባስ፣ ሁሉ ነገሩ "የፋብሪካ" ስለሆነ፣ ተለጥፎለት ይወጣል።

ይህን ሁሉ ችለን ቆይተናል። አልቻል ያለን ትእዛዙ ነው። አንድ ጊዜ የብየዳ ድምፅ ከግቢያችሁ ከተሰማ የሰፈሩ የተሰበረ ነገር ሁሉ ወደ እናንተ ይሰደዳል። የበር ማጠፊያ፣ የሕፃን አልጋ፣ የድንኳን ምሶሶ፣ የዕድር ወንበር። የዕድር ወንበር እምቢ አይባልም። የአልሙኒየም ድስት ያመጡ እናት አሉ፤ "በዚህ ማሽን አልሙኒየም አይበየድም" ስላቸው "ለእኔ ሲሆን ነው?" ብለው ተቀየሙኝ። ሌላው ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናውን በር ላይ አቁሞ "አንዲት ነጥብ ብቻ" ይላል። የባትሪውን ገመድ ሳልፈታ ብበይድ የዲናሞው ዳዮድ ይቃጠላል፣ ከዚያ ዲናሞ ግዛልኝ ትለኛለህ ስለው "ቸኩያለሁ" ይላል። የመሪ ዘንግና የፍሬን ዕቃ የሚያመጡም አሉ። ላሜራ ቢሰበር ጩኸት ነው፤ መሪ ቢሰበር ግን ሰው ነው። በእነዚህ በተሰበሩት ምትክ እንደ ምንም ተበድራችሁ አዲስ ግዙ። ብትቀየሙም ተቀየሙ።

ከሁሉ ግን የሰልባትዮ ነገር። በወር አንድ ሰው አያጣም፤ የነዳጅ ሰልባትዮ በክንዱ አቅፎ ይመጣል። "ባዶ ነው" ይላል። "በኦሞ አጥቤዋለሁ" ይላል። "ፀሐይ ላይ አውዬዋለሁ፣ አሽትተው" ይላል። የሚፈነዳው እኮ የተሞላው ቤንዚን አይደለም፤ ባዶው ውስጥ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነው። በስፌቱ ሥር የቀረች ጠብታ ብየዳው ሲያሞቃት እንደገና ትነት ትሆናለች፤ ኦሞም ፀሐይም እዚያ አይደርሱም። ዘይት የነበረበትን የበርሜል ክዳን በፍሌክሲብል የሚቆርጡትም ያው ናቸው። ስለዚህ ጎረቤቶቼ፣ ወንበሩንም አልጋውንም አምጡ፣ እያጉረመረምኩ እሠራዋለሁ። ሰልባትዮ ይዛችሁ ግን በሬን አታንኳኩ። አልበይድም።